ጣሪያና ሰዓት

ኔሽንስቴትስ የሚባል የኢንተርኔት ጨዋታ አለ። አውስትራሊያዊው ደራሲ ማክስ ባሪ እ.ኤ.አ. በ2002 የለቀቀው ነው። ጥይት አይተኮስበትም፣ ከሞላ ጎደል ጽሑፍ ብቻ ነው። ተጫዋቹ አገር ይመሠርታል፣ ባንዲራ ይመርጣል፣ ለሚቀርቡለት የመንግሥት ጉዳዮች ውሳኔ ይሰጣል። ዋናው ፖለቲካ ያለው ግን አገሮቹ በሚሰባሰቡበት ቀጠና ውስጥ ነው። ከጎረቤቶቹ ብዙ ድጋፍ የሰበሰበ አገር የቀጠናው ተወካይ ይሆናል። ተወካይ የሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልወደደውን የማባረር ሥልጣን ይኖረዋል።

ይህ ክፍተት መሆኑን ሰው ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ተደራጅተው የሚዞሩ ቡድኖች በድንገት ቀጠና ውስጥ ይገቡና ድጋፋቸውን በሙሉ ለራሳቸው ሰው ይሰጣሉ፤ ከዚያ ነባሮቹን ጠራርገው ያስወጣሉ። ጨዋታው በ2006 "ተፅዕኖ" የሚባል መለኪያ ያመጣው ለዚህ ነው። ቀጠና ውስጥ በቆየህና ድጋፍ ባገኘህ ቁጥር ተፅዕኖህ ይጠራቀማል፤ ተወካዩም ሰው ሲያባርር ከራሱ ተፅዕኖ ይከፍላል። ነባርን ማባረር ውድ፣ እንግዳን ማባረር ርካሽ ሆነ ማለት ነው።

ብዙ ቀጠናዎች በዚህ ላይ የራሳቸውን ሕግ ጨመሩ፦ የድጋፍ ጣሪያ። ማንም ተራ አባል ከተወሰነ ቁጥር በላይ ድጋፍ እንዳይሰበስብ ይከለከላል። ያለፈ ይመከራል፣ እምቢ ካለ ይባረራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተወካዩን የሚስተካከል ሰው ከተፈጠረ መፈንቅለ መንግሥት ቅርብ ነው።

እኔ ኮድ ጽፌ የማድር ሰው ነኝና አንድ ደንብ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ማንን እንደሚያስር ነው። የድጋፍ ጣሪያ የሚያስረው ተወካዩን አይደለም፣ ተቀናቃኞቹን ነው። ተወካዩ ወንበሩ ላይ በቆየ ቁጥር ተፅዕኖው እየጨመረ፣ ሌላው ከጣሪያው በታች ይቀራል። ስሙ ሥልጣን መገደቢያ ነው፣ ሥራው ግን ሥልጣን ላይ ያለውን መጠበቅ ነው። የጨዋታው ሰዎች ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ወረራ የሚፈራ ማኅበረሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ በሩ ነው።

ችግሩን በሌላ መንገድ የፈታ ሕዝብ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ አለ። ዱከም አካባቢ ያለው ኦዳ ነቤ የቱለማ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል ነበር። መንገዱን ይዘህ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማን አልፈህ መተሐራ ስትደርስ ከረዩዎች ገዳቸውን እስከ ዛሬ ይዘው ታገኛቸዋለህ።

ገዳ ቁጥር ላይ ጣሪያ አላበጀም፣ ሰዓት ነው የሰቀለው። አምስት የገዳ ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ስምንት ዓመት ይመራና ለቀጣዩ ያስረክባል። ዙሩ 40 ዓመት ይፈጃል። ልጅ የሚመደበው ከአባቱ አምስት እርከን ርቆ ስለሆነ፣ የአባቱ ክፍል ሥልጣን ከያዘ ከ40 ዓመት በኋላ ነው የእሱ ተራ የሚደርሰው። አባት ለልጁ ወንበር ማውረስ ቢፈልግ እንኳ ስሌቱ አይፈቅድለትም። ጊዜውን የጨረሰ መሪም አይጣልም፤ ዩባ ይሆናል፣ ይመክራል፣ አያዝም።

ሰዓቱ ብቻውን አልተተወም። በቦረና ጉሚ ጋዮ የሚባለው ታላቅ ጉባኤ በየስምንት ዓመቱ፣ በአባ ገዳው የሥልጣን ዘመን አጋማሽ ላይ ይሰበሰባል። ሕግ ይመረምራል፣ መሪውን ይገመግማል፣ ካስፈለገም ከሥልጣን ይነቅለዋል። ቃሉ የሃይማኖት መሪ ነው፣ ሥልጣኑ የሚወረስ ነው፤ ስለዚህም የገዳ ሹመት መያዝ አይችልም። የሚወርሰው አይመራም፣ የሚመራው አያወርስም።

ይህን በኋላ የተቀባባ ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ አባ ባሕርይን ያንብብ። ጋሞ የነበረ መነኩሴ ነው፤ በኦሮሞ ዘመቻ ከቦታው የተፈናቀለ ሰው በመሆኑ ለማወደስ ምክንያት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1593 በግዕዝ በጻፈው አጭር ታሪክ ግን ሉባዎቹን በየተራ ይቆጥራቸዋል፦ መልባ፣ ሙደና፣ ኪሎሌ፣ ቢፎሌ እያለ። የታሪክ ሰዎች የመልባን ዘመን ከ1522 እስከ 1530 ያደርጉታል፣ ሌሎቹም በየስምንት ዓመቱ ይከተላሉ። በአቤቶና በራስ መካከል በዘውድ ምክንያት ደም በሚፈስበት ዘመን፣ ጠላት ሆኖ የሚያይ ሰው ሳይቀር ሰዓቱ እንደሚሠራ መሰከረ።

ያው ባሕርይ ዋጋውንም ጽፎልናል። አዲስ የመጣ ሉባ ከእሱ በፊት የነበሩት ያልደረሱበትን አገር ይወጋል። ጊዜው የተቆጠረበት መሪ ስሙን የሚያስጠራበት ጊዜም የተቆጠረ ነው፤ ጎረቤት ያን ዕዳ ከፍሏል። ሴቶችም በሲንቄ ሥርዓት መብታቸውን የሚያስከብሩበት መንገድ ቢኖራቸውም፣ ከአባ ገዳነት ውጭ ነበሩ።

ሌላም እንከን አለ፣ እሱ ደግሞ የኛን ሙያ ሰው ይስባል። ኤርትራዊው አንትሮፖሎጂስት አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የገዳ ጥናቱ የቦረናን ሕዝብ ቆጥሮ በኮምፒውተር ሞዴል ጭምር ፈትሾታል። በአባትና በልጅ መካከል ያለው የ40 ዓመት ርቀት ከሰው ልጅ አወላለድ ጋር እኩል አይሄድም፤ ትውልድ ባለፈ ቁጥር ዕድሜያቸው ከእርከናቸው ጋር የማይገጥም ሰዎች ይበዛሉ። ሰዓቱ ትክክል ነው፣ ሰው ግን ይዛነፋል። ሥርዓቱ ይህን በማስተካከያ እያቻቻለ ኖሯል። ምንም ስህተት የሌለው ደንብ የለም፤ ልዩነቱ ስህተቱ ማንን እንደሚጠቅም ነው። የገዳ መዛነፍ ሥልጣን ላይ ያለውን አንድ ቀን አይጨምርለትም።

አሁን ወደ ዛሬው ሕግ እንምጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 ፕሬዚዳንቱ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ እንዳይመረጥ ይከለክላል። አንቀጽ 72 ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲናገር ግን የሥራ ዘመኑ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ነው ብሎ ያልፋል፤ ስንት ጊዜ ለሚለው ቁጥር የለውም። ሰዓቱ የተሰቀለው እንግዳ በሚቀበለው ቢሮ ነው፣ ጦር በሚያዘው ቢሮ አይደለም። አቶ መለስ ዜናዊ ከነሐሴ 1987 እስከ ነሐሴ 2004 በጠቅላይ ሚኒስትርነት ቆዩ፤ በገዳ ቢቆጠር ሁለት ሙሉ ዘመን ከአንድ ዓመት ነው፣ ያውም የሽግግሩን ዓመታት ሳንጨምር። ያስቆማቸው ሞት እንጂ ደንብ አልነበረም።

ስም ግን ወርሰናል። የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ይባላል፤ ጉባኤው መስክ ላይ ይቀመጥበት ከነበረው ዘመን የመጣ ቃል ነው። ጨፌው የሚሰበሰብበት አዳማ ያለው ትልቅ አዳራሽ ገልማ አባ ገዳ ነው። ዩኔስኮም በ2009 አዲስ አበባ ላይ ባደረገው ስብሰባ ገዳን በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 22 ቀን 2014፣ ከዚያ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ በፈንታሌ ወረዳ አባ ገዳውን ጨምሮ 14 የከረዩ የገዳ አባላት ተገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ምርመራ የፈጸሙት የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መሆናቸውን አመለከተ። ቅርስ ብለን ያጨበጨብንለት ሥርዓት ሰዎቹን ከጥይት አላስጣላቸውም። ጊዜውን ጠብቆ የሚወርድ መሪ የሚያስፈልገው፣ የሚወርድበት ቀን ያልተጻፈለት ኃይል በጎኑ ሲቆም ነው።

እንዲያም ሆኖ ሰዓቱ አልቆመም። በ2009 የቦረና 71ኛ አባ ገዳ ባሊውን ተረከቡ። አገሪቱ በእነዚያ ስምንት ዓመታት የመንግሥት ለውጥ፣ ጦርነትና ድርቅ አየች፤ ድርቁ የቦረናን ከብት ጨረሰ። ዘመኑ ከባድ ነው፣ ትንሽ ይራዘም የሚል ሰበብ ለፈለገ ሰው ሞልቶ ነበር። በ2017 ቀኑ ደረሰ፤ 71ኛው ለ72ኛው አስረከቡ።