ግፊት ሲያሻቅብ ሐኪሙ ለምን አይቸኩልም?

ጀሞ ውስጥ ከኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ሥር ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ ተለክቶ «200 በ120» የተባለ ሰው ቤተሰቡን ማስደንገጡ አይቀርም። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ሐኪሙ ጠይቆና መርምሮ «ትንሽ ይረፉ፣ ደግመን እንለካለን» ይላል። አስታማሚው ይቆጣል። የሕግ ሰው በመሆኔ «ይኼ ሐኪም አይከሰስም ወይ?» ተብዬ የተጠየቅሁበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 537 በጽኑ ለተቸገረ ሰው ያለ በቂ ምክንያት የሕክምና እርዳታ የነፈገን ባለሙያ ያስቀጣል። ይሁን እንጂ መርምሮ መድኃኒት ከመስጠት መታቀብ እርዳታ መንፈግ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ሕክምና እሱ ነው።

ለምን ቢሉ፣ ግፊት «ድንገተኛ» የሚባለው ከ180 በ120 ስላለፈ ብቻ ሳይሆን አንጎልን፣ ልብን፣ ኩላሊትን፣ ዓይንን ወይም ዋናውን የደም ሥር በመጉዳት ላይ ሲገኝ ነው። ይህ የሌለበት ሰው ያቋረጠውን ኪኒን ጀምሮ ወይም መጠኑ ተስተካክሎለት፣ ግፊቱ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ እንዲወርድ ይደረጋል። ለዓመታት ከፍተኛ ግፊት የለመደ አንጎል ግፊቱ በድንገት ሲወርድ በቂ ደም አያገኝም። ኒፌዲፒን የተባለውን መድኃኒት ከምላስ ሥር መስጠት በዓለም ዙሪያ የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ግን በዚህ ሳቢያ ስትሮክና የልብ ሕመም የደረሰባቸውን፣ የሞቱትንም ጠቅሶ አሠራሩ እንዲቆም ጠየቀ። «ከምላስህ ሥር አድርጋት» የሚል ጎረቤት ግን ዛሬም አልጠፋም።

ጉዳት ሲኖርም መቸኮሉ ልክ አለው። እንደ ላቤታሎል ወይም ሃይድራላዚን ያለ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ሰዓት ከሩብ በላይ አይወርድም፤ ከዚያም ከ2 እስከ 6 ባሉት ሰዓታት ወደ 160 በ100 ይጠጋል። ዋናው የደም ሥር ከተሰነጠቀ በፍጥነት መውረድ አለበት። የደም መርጋት ባመጣው ስትሮክ ደግሞ፣ የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት ካልተሰጠ ወይም ሌላ አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ፣ እስከ 220 በ120 ድረስ ብዙውን ጊዜ አይነካም።

ነፍሰ ጡር ወይም በቅርቡ የወለደች ሴት ግን ከዚህ ሁሉ ትለያለች። ግፊቷ 160 በ110 ደርሶ ካልወረደ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ መድኃኒት ሊጀመርላት ይገባል፤ የሚያንቀጠቅጣት ከሆነም ማግኒዚየም ሰልፌት ይሰጣታል። እዚህ ላይ «ደግመን እንለካለን» እያሉ ሰዓት መግፋት፣ በእኔ አስተያየት፣ በሕግም የሚያስጠይቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የብዙ ቤት ነው። ፊት ከተጣመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ደረት አጥብቆ ከያዘ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ዓይን ከጋረደ ቤት ውስጥ ኪኒን ሳይፈልጉ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ነው። ታማሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነካርቶናቸው ይዞ መሄድም አይረሳ፤ ሐኪሙ ቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው።