በሁለት ቋንቋ የምትጠገን ብስክሌት

ባለፈው ክረምት ከሥራ ወጥቼ ከለገሃር ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስወጣ የኤሌክትሪክ ብስክሌቴ ድንገት ቀጥ አለች። የባትሪው ማሳያ ግማሽ ይላል፣ ሞተሩ ግን ጭጭ። ዝናቡ ጀምሯል። ሃያ ምናምን ኪሎ ብረት እየገፋሁ ቸርችልን ስወጣ አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ "ነዳጅ አልቆባት ነው?" አለኝ። ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

የገዛኋት ያገለገለች ሆና ነው። የታክሲ ሰልፍ አሰልችቶኝ ስለነበር ሻጩን የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?" መጠየቅ የነበረብኝ ሌላ ነው። ባትሪው ስንት ዓመቱ ነው? ሲበላሽስ ማን ይከፍተዋል? ያን ማታ ልብሴ እስኪደርቅ ስለዚህች ማሽን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ፤ የኔ ጥያቄ ከብስክሌቷ እኩል ያረጀ ሆኖ አገኘሁት።

ኦግደን ቦልተን ጁኒየር የሚባል የኦሃዮ ሰው በኤሌክትሪክ ለሚሄድ ብስክሌት የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1895 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ከአድዋ ድል ሁለት ወር ቀደም ብሎ። ሥዕሉን ያየ ሰው ይደነግጣል። ሞተሩ የኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ነው፤ ባትሪው ከኮርቻው ፊት ብረቱ መሃል ተንጠልጥሏል። ማርሽ የለውም። በአጭሩ የኔዋ ብስክሌት ናት።

ታዲያ ለምን መቶ ዓመት ጠፋች? ሞተሩ ደካማ ስለነበር አይደለም። በ10 ቮልት ቢበዛ 100 አምፔር እንዲስብ ነበር የታሰበው፤ ሲባዛ 1000 ዋት ይሆናል። ዛሬ የአውሮፓ ሕግ አንድን ብስክሌት "ብስክሌት ነው" ብሎ የሚያልፈው የሞተሩ መደበኛ ጉልበት ከ250 ዋት ካልበለጠ ነው። ጉዱ ያለው ባትሪው ላይ ነው። የእርሳስ ባትሪ፣ የዛሬው እንኳ፣ በኪሎ የሚይዘው ከ30 እስከ 40 ዋት-ሰዓት ነው። የቦልተንን ሞተር በሙሉ ጉልበቱ አንድ ሰዓት ለማስኬድ ከ25 ኪሎ በላይ እርሳስ መሸከም ያስፈልጋል። ይህን ተሸክሞ ባትሪው መንገድ ላይ ያለቀበት ሰው ምን እንደሚሰማው እኔ አውቃለሁ።

ሶኒ የሊቲየም አዮን ባትሪን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፣ ለብስክሌት ሳይሆን ለካሜራና ለመሳሰሉት። የሚገርመው ግን ብስክሌቷን ከሞት ያስነሳት መጀመሪያ ባትሪው አለመሆኑ ነው። ያማሃ በ1993 ጃፓን ውስጥ ፓስ የተባለችውን ብስክሌት ሲያወጣ ባትሪዋ ገና የእርሳስ ነበር። አዲሱ ነገር ሴንሰሩ ነው። እግር ፔዳሉን ምን ያህል እንደሚጫን ይለካል፣ ሞተሩም በዚያው ልክ ያግዛል። ካልረገጥክ አትሄድም። ለኔ ከሁሉም ትልቁ ግኝት ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ሞተሩ ረዳት ብቻ ስለሆነ ሕጉ ብስክሌት አላት፣ መንጃ ፈቃድም አልተጠየቀባትም።

ቻይና በሌላ በር ነው የገባችው። በ1990ዎቹ ብዙ ከተሞች የቤንዚን ሞተር ሳይክልን መገደብ ጀመሩ። በ1999 የወጣው ብሔራዊ ደረጃ ደግሞ ፔዳል ያላት፣ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር የማትበልጥና ከ40 ኪሎ የማትከብድ ከሆነች ብስክሌት ናት አለ። ፋብሪካዎቹ ምን አደረጉ? ስኩተር ሠርተው ለስሙ ፔዳል ሰኩበት፤ ገዢው ቤቱ ሲደርስ ፔዳሉን ፈትቶ ይጥላል። ሕጉ በ2018 ተሻሽሎ ፍጥነቱ 25፣ ክብደቱ 55 ሆነ። ኮድ ጽፎ የሚያድር ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ተጠቃሚ ሁልጊዜ ቀዳዳ ያገኛል።

እኛም ጋ ነገሩ ከሞላ ጎደል በዚሁ መንገድ መጥቷል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ያለ ፈቃድ ሞተር ሳይክል መንዳትን ከለከለች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ አገደ። ብስክሌት ራሷ ግን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለችም፤ በ1956 ሜልቦርን ላይ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩን፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳም ሜዳ ላይ ስላሉ ከብስክሌት ተለያይተው አያውቁም። አዲስ አበባን ያስቸገራት ዳገቱ ነው፤ ዳገት ደግሞ በቁጥር ሲታይ ያን ያህል አያስፈራም። እኔና ብስክሌቷ አንድ ላይ 100 ኪሎ ብንሆን 100 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት የሚያስፈልገን 27 ዋት-ሰዓት ነው፤ የሚባክነው ሲጨመር 35 እንበለው። ባትሪዬ ጤነኛ ሳለ 360 ይይዛል።

ጤነኛ ሳለ።

በማግስቱ ሰፈር ወዳሉት ጋሼ ወሰድኳት። ብስክሌት ሲጠግኑ ነው ያረጁት። ጎማውን ተጫን ተጫን አደረጉና "አየር አንሷል" አሉ፣ የኋላውን ፍሬን አይተው "ይሄማ አልቋል፤ ይቺ ከባድ ናት፣ ቶሎ ትበላለች" አሉ። ሁለት ራጂም ላልቶ ነበር። ባትሪው ጋ ሲደርሱ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። "ይሄን እንኳ አንተው ታውቀዋለህ።"

ነገሩ ገባኝ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ራጂ፣ ካቻቢቴ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው፤ እሳቸው ያንን ቋንቋ አቀላጥፈው ይናገራሉ። ሴል፣ ኮንትሮለር፣ ሴንሰር ደግሞ የኔ ትውልድ እንግሊዝኛ ነው። ብስክሌቷ ሁለቱንም ትፈልጋለች። እኔ በበኩሌ ራጂ ማጥበቅ አልችልም።

ስለዚህ አብረን ከፈትነው። (ማንም ቤቱ ውስጥ እንዲሞክረው አልመክርም፤ ሁለት ሽቦ በስህተት ከተነካካ እሳት ነው።) እሳቸው ፒንሳውን፣ እኔ ቴስተሩን ይዘን አሥሩን የሴል ረድፎች አንድ በአንድ ለካን። ዘጠኙ 3.7 ቮልት አካባቢ ናቸው፤ አንዱ 2.6። ማሳያው የአሥሩን ድምር ብቻ ስለሚያይ ግማሽ ይላል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ሲስብ ግን ያ ደካማ ረድፍ ይወድቅና የባትሪው ጠባቂ ሰርኪት ሁሉንም ያጠፋል። የሸጠልኝ ሰው "ባትሪው ሙሉ በሙሉ ይቀየር" ብሎኝ ነበር፤ ዋጋው የብስክሌቷን ግማሽ። የተቀየረው አንድ ረድፍ ነው።

ጋሼ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና ካርቶን ቀደው ከእስክሪብቶ ጋር ሰጡኝ። "ጻፍልኝ እስቲ፣ በአማርኛ። የቱ ከየቱ ጋር እንደሚገናኝ፣ ስንት ሲያነብ ደህና እንደሆነ፣ ስንት ሲያነብ የሞተ እንደሆነ።" ጻፍኩላቸው። ካርቶኑ ግድግዳው ላይ፣ ከአሮጌ ጎማዎቹ በላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ቅዳሜ ፍሬን ላስቀይር ስሄድ ሥሩ የሌላ ሰው ሁለት ባትሪ ተቀምጦ አየሁ።