ሁለተኛው መስመር፦ ጎንደር በምርጫ ፎርማችን ላይ

ከእኛ መካከል ጎንደርን አንደኛ ምርጫ አድርጎ የሞላ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። በየድግሱ ትንሽ ጨዋታ ከደራ በኋላ ሁሉም ራሱ ይናገራል። "እኔ እኮ ጥቁር አንበሳ ነበር የሞላሁት" የማይል ሐኪም ጥቂት ነው። እኔም ማትሪክ በተፈተንኩበት በ1990 ዓ.ም. ጎንደርን የጻፍኩት ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፤ ጅማን ሦስተኛ። ከዚያ በታች ሕክምና ብሎ የሚጻፍ ነገር አልነበረም፤ ሐኪም የሚያሠለጥኑት ሦስቱ ነበሩና።

አሜሪካ ያሉት የክፍላችን ልጆች አሁን ልጆቻቸው ለኮሌጅ የሚያመለክቱበት ዕድሜ ላይ ስለደረሱ፣ በተደወለ ቁጥር "ሴፍቲ ስኩል" የሚሉት ነገር ይነሣል። ዝርዝሩ በሦስት ይከፈላል፦ ልጁ የሚመኘው ግን ላያገኘው የሚችል፣ ውጤቱ የሚመጥነው፣ እና ያለ ጥርጥር የሚቀበለው። ይኼ የመጨረሻው ነው ሴፍቲ የሚባለው፤ በእኛ ቋንቋ ማስተማመኛ ብንለው ያስኬዳል። ታዲያ ጎንደር የእኛ ማስተማመኛ ነበረች? ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው፣ ነገሩ በድግስ ላይ እንደምናወራው አይደለም።

ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ማንም የሁለተኛ ምርጫ ቦታ አድርጎ አላሰበውም። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 7,000 ያህል ሰው ጨርሷል። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የፖይንት ፎር ዕርዳታ ጋር ሆኖ የሕዝብ ጤና ኮሌጁን ያቋቋመው ለዚህ መልስ እንዲሆን ነው። የሚያሠለጥነውም ሐኪም አልነበረም፤ ጤና መኮንን፣ የኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን ነበር። ሦስቱ አንድ ላይ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። ቆላ ድባ የተመላለሳችሁ ሁሉ ይህ አሠራር ከየት እንደመጣ አትጠይቁም፤ ቡድን ሆነን መውጣቱ እኛም ዘመን ነበር።

በዚያን ጊዜ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጥቂት፣ የሚጨርሰው ተማሪም ጥቂት፤ የሚፈልገው ኮሌጅ ግን ብዙ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የምሕንድስና ኮሌጁ፣ የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ፣ ለጊዜው ጅማ ተጀምሮ ኋላ ወደ ዓለማያ የሄደው የእርሻ ኮሌጅ፣ ሁሉም ዓይናቸውን የጣሉት እነዚያው ጥቂት ልጆች ላይ ነው። ለዚያ ትውልድ ማስተማመኛ የሚባል ሐሳብ ትርጉም የለውም። ከቀደሙት ጤና መኮንኖች አንዱን፣ ዛሬ በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፣ "ጋሼ፣ እርስዎስ ስንተኛ ምርጫዎ ነበር?" ብዬ ጠይቄያቸው ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም። "ምን ምርጫ? ተጠራን፣ መጣን" አሉኝ።

ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲገባም ነገሩ ብዙም አልተለወጠም። የለወጠው የሕክምና ፋኩልቲ መምጣቱ ይመስለኛል። አዲስ አበባ የራሱን ፋኩልቲ ቀድሞ ጀምሯል። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚጉ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ትምህርት ስትከፍት፣ ሁለት ተቋማት አንድ ዓይነት ዲግሪ መስጠት ጀመሩ ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው ማወዳደር የመጣው። ጤና መኮንን ሲሠለጥንባት ጎንደር ተወዳዳሪ አልነበራትም፤ ሐኪም ማሠልጠን ስትጀምር ግን ዋና ከተማ ውስጥ ታላቅ እህት ተገኘባት። ጅማ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲጨመር ፎርሙ ሦስት መስመር ያዘ።

እንግዲህ ማስተማመኛ የሚለውን ቃል በዚህ ላይ አስቀምጡት። የሚፈተነው ተማሪ ከዓመት ዓመት እየበዛ፣ ወንበሩ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሆኖ፣ በሦስቱም ቦታ የሚገባው የማትሪክ ነጥቡ ወደ 4 የተጠጋ ልጅ ነበር። አንደኛውን ያጣ ሁለተኛውን የሚያገኘው በጠባብ ልዩነት ነው። እንዲህ ያለው ዝርዝር በአሜሪካኖቹ አከፋፈል ቢታይ ሦስት "ላያገኘው የሚችል" ተደርድሮ ማስተማመኛው ባዶ የሆነ ዝርዝር ነው። እውነተኛው ማስተማመኛችን ከሕክምናዎቹ በታች የጻፍነው ነበር፤ ሳይንስ ፋኩልቲ፣ እርሻ፣ መምህርነት። እሱን ደግሞ ማንም በድግስ ላይ አያወራውም። ስለዚህ "ጎንደር የደረሰኝ በሁለተኛ ምርጫ ነው" የሚለውን ትንሽ የሚያፍር ድምፅ፣ በተለይ እዚሁ የቀሩት መምህራኖቻችን ፊት፣ ብንተወው ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የፎርሙ መርዘም ታሪክ ነው። በ1990ዎቹ ጅማ፣ መቀሌ፣ ባሕር ዳር፣ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ የእኛም በ1996 ዓ.ም. ማዕረጉን አገኘ። ማትሪክ ቀርቶ በ10ኛ ክፍል ፈተናና በ12ኛ ክፍል መግቢያ ተተካ (ስሙ ግን አልቀረም፤ እናቶች ዛሬም "ማትሪክ" ነው የሚሉት)። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከአርባ በላይ ሲሆኑ፣ ተማሪው ሄዶ ቀርቶ ስሙን ሰምቶ የማያውቀውን ከተማ በተራ ቁጥር መደርደር ግዴታው ሆነ።

በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ማስተማመኛ የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም ያዘ። በየግቢው የተማሪ ሕይወት ሲጠፋ፣ ልጆች ትምህርታቸውን ትተው ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤት ሲመለሱ አይተናል። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ስለ ዩኒቨርሲቲ ስጠየቅ መጀመሪያ የሚመጣው "ነጥቧ ይበቃል ወይ?" አይደለም፤ "መንገዱ ሰላም ነው ወይ?" ነው። ጎንደርም ከዚህ ጥያቄ አላመለጠችም። ተረኛ ሆኜ ባደርኩባቸው ሌሊቶች ካየሁት አንጻር፣ አንዲት እናት ልጇን ለመላክ ስትፈራ ፈሪ ነሽ ለማለት አፌን አይሞላልኝም።

ሌላም ነገር በዚያው ዓመት ተለወጠ፣ ግን በወሬ መሐል ተዋጠ። ፍሬሽማን ተመለሰ። ተማሪው አሁን ሲሞላ የሚመርጠው ዩኒቨርሲቲን ነው እንጂ ሕክምናን አይደለም፤ መስኩ የሚለየው ከገባ በኋላ፣ ከግቢው ልጆች ጋር ተወዳድሮ ነው። ይህ ስሌቱን ከሥሩ ይገለብጠዋል። ጎበዝ ሁሉ የሚሰበሰብበት ግቢ የገባች ልጅ ሕክምናን ልታጣ ትችላለች፤ ሦስተኛ አድርጋ የጻፈችው ቦታ ደግሞ ልታገኘው ትችል ነበር። ሐኪም መሆን የቆረጠች ልጅ ዝርዝሯን በዩኒቨርሲቲው ዝና ብቻ ከደረደረች ያሰበችው ሌላ፣ የሞላችው ሌላ ነው። የኔ የእህት ልጅ ባለፈው ይህን ስነግራት "አክስቴ፣ ታዲያ ለምን ማንም አይነግረንም?" አለችኝ። ትክክል ናት።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ዝርዝሩን ጭራሽ ዋጋ አሳጣው። 896,520 ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው። ለአብዛኛው ልጅ የሚደረድረው ነገር አልነበረም፤ ሬሜዲያል የሚባለው መንገድ የመጣውም ከዚህ ነው።

ለአሜሪካዎቹ ወንድም እህቶቻችንም አንድ ነገር ልበል፣ በስልክ ስለሚሰለቹኝ በጽሑፍ ይሁን። ማስተማመኛ የሚባለው ልጁን መቀበሉ ብቻ አይደለም፤ መክፈል የምትችሉትም መሆን አለበት። ከ2011 (በእነሱ) ጀምሮ የፌዴራል ዕርዳታ የሚቀበሉ ኮሌጆች ቤተሰቡ በእርግጥ የሚከፍለውን የሚያሰላ መሣሪያ ድረ ገጻቸው ላይ እንዲያስቀምጡ ግዴታ አለባቸው፤ ልጁ ከማመልከቱ በፊት አስሉት። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ኖቫ የሚባለውን የኮሚኒቲ ኮሌጅ አትናቁ። የተወሰነውን ነጥብ ይዞ ለጨረሰ ተማሪ ከጆርጅ ሜሰንና ከሌሎችም ጋር በጽሑፍ የታሰረ የመግቢያ ስምምነት አለው፤ ከዚህ የበለጠ ማስተማመኛ አላውቅም። ልጁ ሐኪም እንዲሆን የምትፈልጉ ከሆነ፣ እዚያ አገር የሕክምና ትምህርት ቤት ከአመልካቾቹ ከግማሽ በታች ነው የሚወስደው። የኮሌጁ ስም ቢያበራም ለዚያኛው በር ማስተማመኛ አይሆንም። ዕዳ ሳይዝ መድረሱ ይሻለዋል።

ለፋኩልቲውና ለሬጅስትራሩ ያለኝ ጥያቄ አጭር ነው። በየዓመቱ ተማሪዎች ምርጫ ከመሙላታቸው በፊት አንድ ገጽ ይውጣ፦ ባለፈው ዓመት ከፍሬሽማን ወደ ሕክምና፣ ወደ ፋርማሲ፣ ወደ ነርሲንግ የገባው የመጨረሻው ተማሪ ስንት ነጥብ ነበረው፣ በየመስኩ ስንት ቦታ ነበር፣ የሴቶች መኝታ ስንት ልጅ በአንድ ክፍል ይይዛል፣ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ልጅ በአውቶቡስ ነው ወይስ በአውሮፕላን መምጣት የሚችለው። ማኅበራችን ገጹን አሳትሞ ለየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ለማድረስ ከተስማማ፣ የ1990 ተፈታኞች የማተሚያውን ወጪ እንሸፍናለን።