የኢስትሊ ጥርብ ድንጋይ

ስለ አገር በቀል የግንባታ ቁሳቁስ ሲነሳ ነገሩ ወዲያው ጭቃ፣ ጭድና ቀርከሃ ላይ ያርፋል። የናይሮቢው ኢስትሊ ግን ለዚህ ልማድ የማይመች ሰፈር ነው። አፈሩ መረሬ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ያብጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ ለግድግዳ ቀርቶ ለመሠረትም ያስቸግራል። በዙሪያው ባሉ ሸለቆዎች ግን በመዶሻና በመሮ በቀላሉ የሚጠረብ ግራጫ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሞልቷል። ከሰፈሩ አጠገብ ያለው የማዛሬ ሸለቆም በቅኝ ግዛት ዘመን የድንጋይ ካባ ነበር። የድሮዋ ኢስትሊ የቆመችው በዚህ ድንጋይ ነው፤ የዛሬዋም ቢሆን ከድንጋዩ ጋር አልተቆራረጠችም። የተለወጠው ድንጋዩ የሚሸከመው ነገርና የሚከበው ግቢ ነው። አንድ ሕንፃ ከአካባቢው ባህል መብቀሉን ለማወቅ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ አይበቃም የምለውም ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ናይሮቢ በ1899 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በባቡር ጣቢያነት ስትመሠረት አውሮፓውያን የምዕራቡን ኮረብታ ያዙ፤ ሌላው ወደ ምሥራቁ ሜዳ ተገፋ። በ1921 ናይሮቢ ኢስት ታውንሺፕና ኤገርተን እስቴት የተባሉት ሁለት ይዞታዎች ተዋህደው ኢስትሊ ተባሉ። ቦታውን ከገዙት መካከል ሕንዶችና ሶማሌዎች ዋነኞቹ ነበሩ። የተለመደው ቤት ከመንገድ በኩል ሱቅ ወይም በረንዳ ነበረው፤ ከኋላው ክፍሎቹ ግቢውን ከበው ይቆማሉ፤ ማድ ቤቱ ከጓሮ ነው። ግድግዳው ወፍራም ጥርብ ድንጋይ ስለሆነ የቀኑን ሙቀት ይዞ ለሌሊቱ ብርድ ያቆየዋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 ሜትር በሚበልጥ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ቤቱን ንጹሕ የአገር ልጅ ማለት አይቻልም። የጣሪያው ቆርቆሮ በመርከብና በባቡር የመጣ ነው፤ የቤቱ አሠራርም ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ የተሻገረ ነው። ሥር የሰደደው ሰው ስለኖረበት ነው። ለሙስሊሙም ለሂንዱውም ቤተሰብ ግቢው ሴቶች ከመንገደኛ ዓይን ተከልለው የሚውሉበት፣ ዘመድ ከሩቅ ሲመጣ የሚያርፍበት ቦታ ነበር።

ጎረቤቱን ፑምዋኒን ስናይ ደግሞ ቁሳቁስ ራሱ ፖለቲካ እንደነበረ ይገባናል። የከተማው አስተዳደር በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለአፍሪካውያን በለየው በዚያ ሰፈር ነዋሪዎቹ በስዋሂሊ ወግ መሐል ኮሪደር ያላቸውን ቤቶች በእንጨትና በጭቃ ሠሩ፤ ጣሪያውንም ብዙ ጊዜ ጠፍጥፈው በዘረጉት ጣሳ ይከድኑት ነበር። ቅኝ ገዢው አፍሪካዊውን የከተማ ጊዜያዊ እንግዳ አድርጎ ስለሚያይ ጭቃውም የጊዜያዊነት ምልክት ሆኖ ቀረ። ከነጻነት በኋላ የወጣው የ1968ቱ የሕንፃ ደንብ የእንግሊዝን መለኪያ ይዞ ቀጠለ፤ በ1995 «ኮድ 95» የተባለው ማሻሻያ ለርካሽ ቁሳቁሶች በር እስኪከፍት ድረስ በጭቃ መሥራት ከሕጋዊነት ውጭ መኖር ማለት ነበር። እንግዲህ ጭቃ የተናቀው በጠባዩ ብቻ ነው የሚል ሰው የሕጉን ድርሻ ዘንግቷል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው የሶማሊያ መንግሥት በ1991 ከፈረሰ በኋላ ነው። ስደተኛው በኢስትሊ ማረፊያ ቤቶች ተጠለለ፤ ከኢትዮጵያ የመጣውም ከዚያው ተቀላቀለ። ጋሪሳ ሎጅ በሚባለው ማረፊያ ነጋዴዎች ሌሊት በሚተኙበት ክፍል ቀን ቀን ዕቃ ዘርግተው ይሸጡ ጀመር፤ ሎጁም ብዙ ሳይቆይ ለይቶለት የገበያ አዳራሽ ሆነ። ዛሬ በየመንገዱ የተደረደሩት ባለ ብዙ ፎቅ ገበያዎች ዘር ከዚህ ይመዘዛል፤ ትንንሽ ሱቆች የጋራ ቦታን ከበው መደርደራቸው የዱባይን የገበያ አዳራሽ ቢያስታውስም፣ ለእኔ ይልቅ ክፍሎቹን ኮሪደር ላይ የደረደረውን ማረፊያ ቤት ይመስለኛል። ግን አዲሱ ሕንፃ ክብደቱን በአርማታ ምሰሶ ላይ ጥሏል። 9 በ9 ኢንች የሆነው ጥርብ ድንጋይ አሁንም ይመጣል፤ ሥራው ግን በምሰሶዎች መካከል ያለውን ክፍተት መድፈን ብቻ ነው። ፊቱን ሴራሚክና መስታወት ይሸፍነዋል። ግቢው ብዙ ቦታ ጣሪያ ተከድኖበት ወይም ወደ ጠባብ የብርሃን ቀዳዳ ተጨብጦ፣ ሱቆቹ ቀን በመብራት ይሠራሉ።

ግቢው ለምን ጠፋ ለሚለው መልሱ ቀላል ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ መሬቱ ተወደደ፣ አንድ ፎቅ ሠርቶ የሚተርፍ የለም። እውነት ነው፤ ለ10 ፎቅ ድንጋይ ብቻውን አያዋጣም። መሬት ቢወደድም ግን መሐሉን ክፍት አድርጎ ወደ ላይ መሥራት አይከለከልም፤ ነፋስና ብርሃን የሚያስገባ ግቢ ለመተው አርማታን ሰበብ ማድረግ አይቻልም። አርማታ ይበልጥ ያስተማምናል ለሚለውም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከኢስትሊ ብዙ በማይርቀው ሁሩማ በሚያዝያ 2016 አንድ የመኖሪያ ፎቅ በዝናብ ተደርምሶ ወደ 50 ሰው ሞቷል። የሰውን ሕይወት የሚጠብቀው ቁጥጥሩና የግንበኛው ጥንቃቄ እንጂ የሲሚንቶ ስም አይደለም። ሲሚንቶም ቢሆን የውጭ ነው ብሎ መግፋት ያስቸግራል፤ አቲ ሪቨር ላይ በ1950ዎቹ ከተተከለው ፋብሪካ ጀምሮ ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ ይመረታል። በርቀት ብቻ ቢለካ አርማታውም አገር በቀል ሊባል ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ አርክቴክቱ ዲቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ በ2021 ቱርካና ሐይቅ አጠገብ የሠራው ካምፓስ በቅርብ ከተቆፈረ ድንጋይ የተገነባ ሲሆን፣ ረጃጅም የአየር ማስወጫ ማማዎቹ የምስጥ ኩይሳን ይመስላሉ፤ ሙቅ አየር ወደ ላይ እየተሳበ ከታች ቀዝቃዛው ይገባል። እዚያ ድንጋዩ ዕቅዱን ያገለግላል። መሬቱ ግን ሰፊ ነው፤ ኢስትሊ ላይ እንዳለ ልቅዳው የሚል አርክቴክት የመሬቱን ዋጋ የማያውቅ ሰው ይሆናል። ይልቅ የሚወሰደው ነፋሱን ከግድግዳው በፊት ማሰብ ነው። እኛም አዲስ አበባ ላይ የባሕር ዛፍ ማገርና የጭቃ ምርግ ያላቸውን ቤቶች ስናፈርስ የምንከራከረው ስለ ጭቃው ነው፤ ጎረቤት ቡና የሚጠጣበት ግቢ በፎቁ ውስጥ የት እንደሚገባ ግን ማንም በፕላኑ ላይ አይጠይቅም።

ድንጋይን ለማወደስ የሚነሳ ሰው አንድ ሒሳብ ይቀረዋል። ማዛሬ ካባ ሆኖ ናይሮቢን ሲመግብ ቆይቶ፣ ከተማው ቤት ያልሰጣቸው ሰዎች በዚያው በተቆፈረው ሸለቆ ውስጥ በቆርቆሮና በእንጨት ተጠለሉ። ዛሬም ድንጋዩ ከከተማ ወጣ ብለው ከሚገኙ እንደ ጁጃ ያሉ ካባዎች ሲጫን፣ ጉድጓዱን ማን እንደሚሞላና ጠራቢው የት እንደሚኖር የሚጠይቅ ውል በግንባታው ዋጋ ውስጥ ሊገባ ይገባዋል።