ከቁና እስከ ደረሰኝ፦ የልጅ ቀለብ ማስረጃ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ



ንግግሬን በሁለት ቃላት እጀምራለሁ። አማርኛችን ከተለያዩ ወላጆች አንደኛው ለልጁ የሚሰጠውን አንዳንዴ «ቀለብ»፣ አንዳንዴ «ተቆራጭ» ይለዋል። ቀለብ ይሰፈራል፤ ተቆራጭ ይቆረጣል። የመጀመሪያው ቁናን ያስታውሳል፤ ሁለተኛው ደመወዝን። የከፈለ ሰው መክፈሉን በምን ያስረዳል የሚለው ጥያቄ ታሪክም በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የገበሬ አገር ናቸው። የሰማንያ ጋብቻ በዋስና በሽማግሌ ፊት ይታሰራል፤ ሲፈርስም ንብረቱም የልጁም ነገር በሽማግሌ ያልቃል። ለልጁ የተሰፈረው እህል ማስረጃው ያየ ሰው ዓይንና የዋስ ቃል ነበር። ይህ ሥርዓት ጥንካሬ ነበረው፤ ሰጪው፣ ተቀባይዋና ሽማግሌው አንድ ገበያ ይውላሉና ሐሰት ቶሎ ይገለጣል። ድክመቱ ግን ምስክሩ ሲሞት ወይም አገር ሲለቅ ማስረጃውም አብሮት መሄዱ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚዛኑን ለወጠው። ቀለብ በመርሕ ደረጃ በገንዘብ የሚከፈል ተቆራጭ ሆነ። በአንቀጽ 2001 መሠረት ግዴታ አለ የሚል መኖሩን፣ ግዴታው ቀርቷል የሚል ደግሞ መቅረቱን ያስረዳል። ስለዚህ «ከፍያለሁ» ያለ አባት የማስረዳት ሸክም ወደቀበት። በሌላ በኩል፣ በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ፣ ለኑሮ አስፈላጊነቱ ካልታየ በቀር፣ እንዳይጠየቅ ተደነገገ። እናትም እንግዲህ ቀን መቁጠር ነበረባት።

ይህ ሕግ በሁሉም ላይ እኩል አልከበደም። በንፋስ መውጫ የሚያስተምር ደመወዝተኛ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደመወዙ ሲቆረጥበት የክፍያ መዝገቡ ያለ ድካሙ ይመሰክርለታል። ከስማዳ ወርዶ በመተማ ሰሊጥ ያጨደው ገበሬ ግን ገንዘቡን በአገሩ ልጅ እጅ ይልካል፤ እህል ያስጭናል፤ ለበዓል ልብስ ይገዛል። ክርክር ሲነሣ እህሉ ተበልቷል፤ ልብሱም «ስጦታ ነው» ይባላል። ወረቀትም ቢሆን ገለልተኛ አይደለም። ማንበብ የማትችል እናት ያልተነበበላትን ደረሰኝ በአውራ ጣቷ ብትፈርም፣ ያልተቀበለችውን እንደተቀበለች ተቆጥሮ ልጇ ሊራብ ይችላል።

የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 አወጣ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 658 ቀለብ መከልከልን ስለሚቀጣ፣ የደረሰኝ መጥፋት የነፃነትም ጉዳይ ነው። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ቴሌብር ቀኑንና መጠኑን መዝግቦ ይይዛል። ገንዘቡ ብድር ይሁን ስጦታ ወይስ የልጅ ቀለብ ግን መልእክቱ ብቻውን አይናገርም። ያንን ዛሬም ሁለቱ ወላጆች በግልጽ ቋንቋ መጻፍ፣ አንዳንድ ቅጂም መያዝ አለባቸው።

ተማሪዎቼ፣ ነገ የወረዳ ፍርድ ቤት መዛግብት ስታገላብጡ ይህን አስቡ። ደረሰኝ አለመኖሩ ክፍያ ላለመኖሩ ማስረጃ አይደለም፤ ደረሰኝ መኖሩም ልጁ ለመብላቱ ማረጋገጫ አይሆንም። በመዝገቡ ላይ ከሳሽና ተከሳሽ ይናገራሉ፤ የቀለቡ ባለቤት ግን ልጁ ነው። የእርሱን ድምፅ መፈለግ የታሪክ ጸሐፊው ድርሻ ነው።