ሦስት ፓፓዎችና አንድ ጉባኤ
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

አንድ ሹም ሲያጠፋ የበላዩ ይፈርድበታል። የበላዩም ቢያጠፋ ከርሱ በላይ ያለው ይመለከተዋል። ነገር ግን ከሁሉ በላይ የሆነው፥ በምድር ላይ ፈራጅ የለብኝም የሚለው ባለ ሥልጣን ያጠፋ እንደ ሆነ ማን ይፍረድበት? ይህ ጥያቄ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የምዕራብ አውሮፓን ነገሥታት ያስጨነቀ፥ ሊቃውንቱንም ያከራከረ ጥያቄ ነው። ዛሬ ላወሳላችሁ ያሰብኩት ስለዚሁ ክርክርና በኮንስታንስ ከተማ ስለ ተደረገው ታላቅ ጉባኤ ነው። በንግግሬ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የፈረንሳይ ንጉሥ ፊልጶስ 4ኛ ለጦርነት ገንዘብ ስላስፈለገው በካህናቱ ላይ ግብር ጣለ። ፓፓ ቦኒፋስዮስ 8ኛም ነገሥታት ያለ ፓፓው ፈቃድ ከካህናት ግብር እንዳይቀበሉ በ1296 ዓ.ም. ከለከለ። ንጉሡም በበኩሉ ወርቅና ብር ከአገሩ እንዳይወጣ ስላዘዘ፥ ከፈረንሳይ ወደ ሮማ ይጎርፍ የነበረው ገንዘብ ተቋረጠ። ጠቡ ለጥቂት ጊዜ በርዶ እንደ ገና ሲበረታ፥ ፓፓው በ1302 ዓ.ም. ለመዳን የሚሻ ሰው ሁሉ ለሮማው ፓፓ መገዛት አለበት፤ የምድራዊ መንግሥትም ሰይፍ ከመንፈሳዊው ሥልጣን በታች ነው ሲል ደነገገ። የንጉሡ መልስ ግን በብራና የተጻፈ አልነበረም። በ1303 ዓ.ም. ባለሟሉ ጊዮም ደ ኖጋሬ ከፓፓው የኢጣልያ ጠላቶች ጋራ ሆኖ፥ ወታደር አስከትቶ አናኚ በምትባለው ከተማ ፓፓውን በገዛ ቤቱ ያዘው። ሕዝቡ ተነሥቶ ቢያስለቅቀውም ሽማግሌው ፓፓ አንድ ወር ያህል ቈይቶ ሞተ። ከስድስት ዓመት በኋላ፥ በ1309 ዓ.ም. የፓፓው አደባባይ በሮን ወንዝ ዳር ባለችው በአቪኞን ከተማ ተቀመጠ። እስከ 1377 ዓ.ም. ድረስ ሰባት ፓፓዎች፥ ሁሉም ፈረንሳውያን፥ በዚያ ተፈራረቁ።

አቪኞን የጸሎት ስፍራ ብቻ ሳትሆን ታላቅ መሥሪያ ቤትም ነበረች። የጳጳሳትና የገዳማት አለቆች ሹመት ከየአገሩ ምርጫ እየተወሰደ ወደ ፓፓው እጅ ገባ። አዲስ ተሿሚ የመጀመሪያ ዓመት ገቢውን በሙሉ ወይም በከፊል ለፓፓው ግምጃ ቤት ይከፍል ነበር። ጸሓፊዎችና ገንዘብ ያዦች በዙ፤ መዝገቡም በሥርዐት ይጠበቅ ነበር። ሥራው የተደራጀ እንደ መሆኑ መጠን ከፋዮቹም የሚከፍሉትን በትክክል ያውቁ ስለ ነበረ፥ ቅሬታው በዚያው ልክ ከዓመት ወደ ዓመት ጨመረ።

ጎርጎርዮስ 11ኛ ወደ ሮማ ከተመለሰ በኋላ በመጋቢት ወር 1378 ዓ.ም. ዐረፈ። ዐሥራ ስድስት ካርዲናሎች ለምርጫ በተሰበሰቡ ጊዜ የሮማ ሕዝብ ቤቱን ከቦ፥ ሮማዊ፥ ባይሆን ኢጣልያዊ ፓፓ እንፈልጋለን እያለ ይጮኽ ነበር። የባሪ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ኢጣልያዊ ተመርጦ ኡርባኖስ 6ኛ ተባለ። ይህ ሰው ካርዲናሎቹን በጉባኤ ፊት በመረረ ቃል ይገሥጽ ጀመረ። እነርሱም ጥቂት ወራት ታግሠው፥ ምርጫው በፍርሃት የተደረገ ስለ ሆነ አይጸናም ብለው በዚያው ዓመት ሌላ ፓፓ መረጡ። እርሱም ቀሌምንጦስ 7ኛ ተብሎ ወደ አቪኞን ሄደ። ልብ በሉ፤ ሁለቱንም የመረጡት በብዛት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እውነተኛው የትኛው እንደ ሆነ በቅን ልብ መርምሮ ለመወሰን ለሊቃውንትም ቢሆን አስቸጋሪ ነበረ።

ነገሥታቱ ግን ብዙ አልተቸገሩም። ፈረንሳይ የአቪኞኑን ተቀበለች፤ ከፈረንሳይ ጋራ ትዋጋ የነበረችው እንግሊዝ የሮማውን ያዘች፤ የእንግሊዝ ጠላት ስኮትላንድም ከአቪኞን ጋራ ቆመች። እንዲህ ሆኖ የሃይማኖቱ ድንበር የጦርነቱን ድንበር ተከተለ። አንዱ ፓፓ የሌላውን ተከታዮች ያወግዛል፤ ለአንድ መንበር ሁለት ተሿሚ ይላካል፤ ሁለት ግምጃ ቤትም ከሕዝቡ ይሰበስባል።

በዚህ ጊዜ የፓሪስ ዩኒቬርሲቲ መምህራን መፍትሔ ፈለጉ። በ1394 ዓ.ም. ሦስት መንገድ አቀረቡ፤ ይኸውም ሁለቱም በፈቃዳቸው ይውረዱ፥ ወይም በሽማግሌ ዳኝነት ይስማሙ፥ ወይም ጠቅላላ ጉባኤ ይፍረድ የሚል ነው። የሁለቱም ወገን ካርዲናሎች አብዛኞቹ በመጨረሻ ሦስተኛውን መንገድ ይዘው በ1409 ዓ.ም. በፒሳ ተሰበሰቡ፤ ሁለቱንም ሽረው ሦስተኛ መረጡ። የተሻሩት ሁለቱ ግን አንወርድም አሉ። ስለዚህ ሁለት የነበሩት ፓፓዎች ሦስት ሆኑ። ውሳኔውን የሚያስፈጽም ኃይል ሳይዝ የሚፈርድ ጉባኤ ምን እንደሚደርስበት የፒሳ ጉባኤ በሚገባ ያስረዳል።

ይህን ጉድለት የሞላው የጀርመን ንጉሥ ሲጊስሙንድ ነው። የፒሳውን ወገን የወረሰው ዮሐንስ 23ኛ በኔፕልስ ንጉሥ ከሮማ ተባርሮ እርዳታ ሲለምን፥ ሲጊስሙንድ በኮንስታንስ ከተማ ጉባኤ እንዲጠራ አስገደደው። ጉባኤው በኅዳር ወር 1414 ዓ.ም. ተከፈተ። ዮሐንስ ብዙ የኢጣልያ ጳጳሳት አስከትቶ መጥቶ ስለ ነበረ፥ በሰው ቍጥር ድምፅ ቢሰጥ እንደሚያሸንፍ ተስፋ ነበረው። ጉባኤው ግን ድምፅ በየአገሩ ወገን እንዲሆን ወሰነ፤ ኢጣልያ አንድ፥ ፈረንሳይ አንድ፥ ጀርመን አንድ፥ እንግሊዝ አንድ፤ በኋላም እስፓንያ ተጨመረች። ነገሩ ተራ የአሠራር ደንብ ይመስላል፤ የጉባኤውን ዕድል የወሰነው ግን ይኸው ደንብ ነበረ።

ዮሐንስ ነገሩ እንዳላማረለት ባየ ጊዜ በመጋቢት ወር 1415 ዓ.ም. ልብሱን ለውጦ በሌሊት ከከተማ ወጣ። ጠሪው ከሄደ ጉባኤው ይፈርሳል ብሎ ነበር። ጉባኤው ግን ሚያዝያ 6 ቀን አንድ ታላቅ ውሳኔ አወጣ፤ ጠቅላላው ጉባኤ ሥልጣኑን የተቀበለው በቀጥታ ከክርስቶስ ስለ ሆነ፥ በሃይማኖት ጉዳይ፥ መከፋፈሉን በማጥፋትና ቤተ ክርስቲያንን በማደስ ረገድ፥ የፓፓነት ማዕርግ ያለውም ቢሆን ሊታዘዘው ይገባል አለ። ዮሐንስም ተይዞ በዚያው ዓመት ተሻረ። በ1958 ዓ.ም. የተመረጠው ፓፓ ይህንኑ ስምና ቍጥር መያዙ፥ ያ የፊተኛው ከፓፓዎቹ ተራ እንደማይቈጠር ያመለክታል።

ይህ ጉባኤ ፍርድ ያደርግ ዘንድ እንደ ተሰበሰበ ሁሉ በደልም አድርጓል። የቦሄምያው መምህር ያን ሁስ፥ በሰላም ደርሶ እንዲመለስ የሲጊስሙንድ የጽሑፍ ዋስትና በእጁ ነበረ። ጉባኤው ግን አሠረው፤ ቃሌን አላጥፍም ቢል በሐምሌ ወር 1415 ዓ.ም. በእሳት ተቃጠለ። ለመናፍቅ የተሰጠ ዋስትና ፍርድን አያግድም የሚል ምክንያት ቀረበ። ሲጊስሙንድ ግን ለዚህ ቃል ማጠፍ ብዙ ከፈለ። በ1419 ዓ.ም. የቦሄምያን ዘውድ በወረሰ ጊዜ ሕዝቡ አንቀበልህም ብሎ ለብዙ ዓመታት ወጋው፤ በንጉሥነት የተቀበሉት በ1436 ዓ.ም. ነው።

የሮማው ጎርጎርዮስ 12ኛ በ1415 ዓ.ም. በፈቃዱ ወረደ። የአቪኞኑ በነዲክቶስ 13ኛ በ1417 ዓ.ም. ቢሻርም፥ በእስፓንያ የባሕር ዳር አምባ ተቀምጦ እስከ ሞተበት እስከ 1423 ዓ.ም. ድረስ እኔ ነኝ እንዳለ ቀረ። በኅዳር ወር 1417 ዓ.ም. ሃያ ሦስት ካርዲናሎችና ከአምስቱ ወገኖች የተወከሉ ሠላሳ ሰዎች በአንድነት ማርቲኖስ 5ኛን መረጡ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የቈየው መከፋፈልም በዚህ አበቃ። ከምርጫው ጥቂት ቀደም ብሎ፥ ጉባኤ መጀመሪያ በአምስት ዓመት፥ ቀጥሎ በሰባት፥ ከዚያ ወዲያ በየዐሥር ዓመቱ እንዲደረግ ተደንግጎ ነበረ።

ይሁን እንጂ ሥልጣኑ የጸናለት ፓፓ ይህን ደንብ አልወደደም። በ1431 ዓ.ም. በባዝል የተከፈተው ጉባኤ ከኤውጌንዮስ 4ኛ ጋራ ተጣላ። ፓፓው ጉባኤውን ወደ ፌራራ፥ ከዚያም ወደ ፍሎሬንስ ሲያዛውር፥ በባዝል የቀሩት ደግሞ በ1439 ዓ.ም. የሳቮያን መስፍን ሌላ ፓፓ አድርገው መረጡ። በዚሁ ክርክር መካከል፥ በ1441 ዓ.ም.፥ በኢየሩሳሌም ካለው የኢትዮጵያውያን ገዳም የተላኩ መነኮሳት ፍሎሬንስ ደርሰው በፓፓው ፊት ቀርበዋል። ዘመኑ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነበረ፤ መልእክተኞቹን የላካቸው ግን የገዳሙ አለቃ አባ ኒቆዲሞስ እንጂ ንጉሠ ነገሥቱ አልነበረም። ከባዝል ጋራ ለሚከራከረው ለኤውጌንዮስ፥ ከምሥራቅና ከአፍሪቃ የመጡ እንግዶች በአደባባዩ መታየታቸው ትልቅ ክብር ነበረ።

ታዲያ ፓፓውና ጉባኤው ሲከራከሩ ማን ተጠቀመ? የአገራችን ተረት፥ ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል። ነገሥታቱ ያደረጉት ይህንኑ ነው። የፈረንሳዩ ሻርል 7ኛ በ1438 ዓ.ም. በቡርዥ ከተማ የባዝልን ውሳኔ ለአገሩ እንደሚስማማ አድርጎ ሕግ አደረገው፤ ፓፓው ከፈረንሳይ የሚያገኘውን ገንዘብም ቀነሰበት። የጀርመን ንጉሥ ደግሞ በ1448 ዓ.ም. በቪየና ከፓፓው ጋራ ውል ተዋዋለ። ድጋፍ ያጣው የባዝል ጉባኤ በ1449 ዓ.ም. ተበተነ። በ1460 ዓ.ም. ፓፓ ፒዮስ 2ኛ ከፓፓ ፍርድ ወደ ጉባኤ ይግባኝ ማለትን ከለከለ። ይህ ፓፓ በወጣትነቱ በባዝል ጉባኤ ያገለገለ ሰው መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በ1516 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነትም የፈረንሳይ ንጉሥ የአገሩን ጳጳሳት ራሱ እንዲያጭ ተፈቀደለት። ስለዚህ ፓፓው በጉባኤው ላይ ድል ቢያደርግም፥ የድሉን ዋጋ ለነገሥታቱ ከፈለ።

ክቡራን አድማጮች፤ ኮንስታንስ መከፋፈሉን ለማጥፋት ቻለ፤ ቤተ ክርስቲያንን ለማደስ ግን አልቻለም። ስለ ሹመትና ስለ ገንዘብ የቀረበው አቤቱታ ሁሉ፥ ሁሉም ወገን በሌላው ሲሆን እንጂ በራሱ ሲደርስበት ስለማይወድ፥ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ሲተላለፍ ኖረ። በ1517 ዓ.ም. ማርቲን ሉተር በተነሣ ጊዜ ያ አቤቱታ ገና መልስ አላገኘም ነበረ። እርሱም ወደ ጠቅላላ ጉባኤ ይግባኝ ቢል፥ ጉባኤው በትሬንት የተከፈተው በ1545 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ግን መለያየቱ ሥር ሰዶ ነበረ። በጊዜው ያልተፈጸመ ጉዳይ በመዝገብ ቤት ተኝቶ የሚቀር ይመስላል እንጂ አይቀርም፤ ቀን ጠብቆ ይነሣል፤ በሚነሣበትም ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋ ከፊተኛው ይልቅ የከበደ ነው።