ከወናፍ እስከ ጥቃቅን ቧንቧ፦ ስለ ተመላላሽ ፍሰት ስሌት ታሪክ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ማረሻና ማጭድ የሚሠራው ቀጥቃጭ ሁለት የቆዳ ወናፎች ከከሰሉ አጠገብ ያኖራል። ነፊው አንዱን ሲያነሣ አፉን በእጁ ይከፍታል፤ ሲጫነው ይዘጋዋል። ሁለቱ ስለሚፈራረቁ፣ እጅ ወደ ላይና ወደ ታች ቢመላለስም ነፋሱ ወደ እሳቱ ብቻ ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ከተመላላሽ እንቅስቃሴ ወደ አንድ ወገን የሚሄድ ፍሰት የሚገኝበትን መንገድ በስሌት ለማስመሰል የተደረገውን ጥረት ነው።

በአገራችን ይህን የሚያውቀው ባለ እጅ ጠይብ እየተባለ ተንቆ ኖሯል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ አስጎተቱ፤ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ንቀቱ ግን በአዋጅ አልጠፋም። በእኛ አስተያየት ከሥራው ዕውቀት ጽሑፍ ያልወጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስሌቱ የተጀመረው በሌላ አገር ነው። እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 ስለ ፔንዱለም ሲጽፍ፣ በተመላላሽ ፍሰት ውስጥ የግድግዳው ተጽዕኖ እስከ ጥቂት ርቀት ብቻ እንደሚደርስ አሳየ። ምልልሱ በሰከንድ አንድ ጊዜ ቢሆን ይህ ርቀት በአየር 2 ሚሊሜትር ያህል፣ በውሃ ከግማሽ ሚሊሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ስለዚህ በወናፉ ሰፊ ቧንቧ ውስጥ አብዛኛው አየር ግድግዳው ሳይዘው ይሮጣል፤ 0.1 ሚሊሜትር በሆነ ቧንቧ ውስጥ ግን ውሃው ሁሉ በግድግዳው ይያዛል። ትልቁን አይቶ ስለ ትንሹ መፍረድ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ዎመርስሊ እ.ኤ.አ. በ1955 ይህንኑ ሐሳብ ለደም ሥር አዋለው። ሃርሎውና ዌልች በ1965 ፍሰትን በጥቃቅን ክፍሎች እየከፈሉ በኮምፒዩተር የማስላት ዘዴ አወጡ። ፐርሰል ደግሞ በ1977፣ ዝልግልግነት በሚገዛው ዓለም በሄደበት መንገድ የሚመለስ እንቅስቃሴ ምንም እንደማያራምድ አስረዳ።

ከሁሉ የሚያስገርመን በስዊድን የስቴሜዎች ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን የሌለው ፓምፕ ሠሩ፤ የወናፍ ነፊውን እጅ የተካው በአንድ ወገን የጠበበ፣ በሌላው የሰፋ ቧንቧ ነው። ፓምፑ በሰከንድ መቶ ጊዜ ገደማ ስለሚመላለስ ውሃው የጀመረውን ሩጫ አይተውም፤ በመሄጃና በመመለሻው መካከል ልዩነት የሚፈጠረው በዚህ ነው። ይህን ሩጫ «መሣሪያው ትንሽ ነው» ብሎ ከስሌቱ ያወጣ ሰው ኮምፒዩተሩ ዜሮ ይነግረዋል፤ ፓምፑ ግን ውሃውን ይገፋል።